የቈየ የጉልበት ሕመምና የመርፌ ጥቅም

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚጋጠሙበት የሰውነት ክፍል ሲሆን፥ ሁለተኛው ኃይል ወይም የሥራ ችሎታ ነው። በሐረር ከተማ ሁለቱ ትርጕሞች እንዴት እንደ ተሳሰሩ ለመረዳት፥ ከሐኪም ጋራ ወገን ማገዶና አትክልት ተሸክመው ወደ ጁገል ገበያ የሚወርዱትን ሴቶች መመልከት ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰው ጉልበቱን ሲያመው እንጀራውም አብሮ ይታመማል። ስለዚህ «መርፌ ብወጋ እድናለሁን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ በጥንቃቄ የተመዘነ መሆን ይገባዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህን መልስ በሚቻለው መጠን ግልጽ ማድረግ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የሕመሙ ጠባይ

ለብዙ ወራት የሚቈይ የጉልበት ሕመም በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚመጣው ከመገጣጠሚያው መበላት ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይቈጣል፤ ጡንቻው ይላላል። ሕመሙ ሲራመዱና ዳገት ቍልቍለት ሲሉ ይብሳል፤ ሲያርፉ ይቀላል። ነገር ግን የጉልበት ሕመም ሁሉ ይህ አይደለም። በተሐዋስያን የመጣ መመረዝ፥ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስያን ወደ መገጣጠሚያ መግባት፥ ሪህ፥ ዕጢም ጭምር ጉልበትን ያሳብጣሉ፤ ያሳምማሉም።

2. «መርፌ» ሲባል የትኛው ነው?

ሕዝቡ መርፌን ከእንክብል አብልጦ የሚያምን መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩት መርፌዎች በሥራቸው ይለያያሉ።

ሀ) በመቀመጫ ወይም በክንድ ሥጋ የሚወጋው የሕመም ማስታገሻ፥ ለምሳሌ ዲክሎፌናክ፥ በደም አማካይነት ይሠራል። መድኃኒቱ በእንክብል ከሚወሰደው ጋር አንድ ስለ ሆነ፥ በመርፌ መሰጠቱ መገጣጠሚያውን የሚጠግን ልዩ ኃይል አይሰጠውም። ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጐዳል።

ለ) በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ስቴሮይድ የተባለው ነው። ኮርቲዞን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ በመጀመሪያ የተሰጠው በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሲሆን፥ ከዚህ ሥራ የተነሣ ሄንች፥ ኬንዳልና ራይክስታይን በ1950 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ሆላንደር የተባለው ሐኪም ደግሞ በ1951 ሃይድሮኮርቲዞንን በመገጣጠሚያ ውስጥ መስጠቱን አስታወቀ።

ሐ) ከዚያ በኋላ የመጡት ሃያሉሮኒክ አሲድና ከሕመምተኛው ከራሱ ደም የሚጣራው ፕላዝማ ናቸው። ሁለቱም ከስቴሮይድ ይልቅ ውድ ናቸው።

3. ምርመራዎቹ ምን አሳዩ?

በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ ስቴሮይድን የሚመለከቱ 27 ጥናቶችን፥ በጠቅላላው 1,767 ሕመምተኞችን አጣምሮ መረመረ። የተገኘውም ይህ ነበር፤ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሳምንት መጠነኛ የሆነ እፎይታ ይገኛል፤ በሦስተኛው ወር ግን ያነሰ ይሆናል፤ በስድስተኛው ወር ጥቅም መኖሩ አልታየም። የጥናቶቹም ጥራት ብዙ ጕድለት እንዳለበት ገምጋሚዎቹ ገልጸዋል።

ታዲያ እፎይታው ሲያልቅ መርፌውን መድገም አይቻልምን? በ2017 በታተመ ጥናት 140 ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው፥ ግማሾቹ በየ12 ሳምንቱ ትሪያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ፥ ግማሾቹ የጨው ውኃ ለሁለት ዓመት ተወጉ። በመጨረሻ በሕመም ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይሁን እንጂ ስቴሮይድ የተወጉት ሰዎች ልም አጥንት ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ።

በ2020 የታተመው ሌላ ጥናት ስቴሮይድን ከአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጋር በ156 ሰዎች ላይ አነጻጸረ። ሕመምንና የአካል ችግርን ከ0 እስከ 240 በሚለካ ሚዛን፥ ሁለቱም ቡድኖች ሲጀምሩ ከ107 እስከ 109 ያህል ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተወጉት ወደ 55.8፥ በእንቅስቃሴ የታከሙት ግን ወደ 37 ወረዱ። ሁለቱም ተሽሏቸዋል፤ በእንቅስቃሴ የታከሙት ግን በለጡ።

ውድ የሆኑት መርፌዎችም ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኙም። ስለ ሃያሉሮኒክ አሲድ በ2022 የተደረገው ግምገማ ከ21,000 የሚበልጡ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 169 ጥናቶች አይቶ፥ ጥቅሙ ሕመምተኛው የማይሰማው ያህል ትንሽ መሆኑን ደመደመ። ፕላዝማውም በ2021 በ288 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከጨው ውኃ አልበለጠም። በእነዚህ ጥናቶች የጨው ውኃ የተወጉት ሰዎች ራሳቸው ቀሏቸው መገኘታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። እንግዲህ «ተወግቼ ዳንኩ» የሚለው ቃል እውነተኛ ቢሆንም፥ ያዳነው መድኃኒቱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

4. ከሐረር ታሪክ አንድ ምሳሌ

የመርፌ ዋናው አደጋ ጥቅሙ አጭር መሆኑ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ሳይታወቅ መወጋትም አለ። ለዚህ የሐረር ታሪክ ራሱ ምሳሌ ይሰጠናል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር፥ በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። የደም ሥር ማበጥ መስሎት በየካቲት ወር ለእናቱ ጽፎ የእግር ማጥበቂያ ሹራብ እንድትልክለት ጠየቀ። እብጠቱ ጨመረ፤ እግሩ አልታጠፍ አለ። መራመድ ሲያቅተው አልጋውን በገንዘብ ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል አስነጥፎ ንግዱን ተኝቶ ይመራ ነበር። በሚያዝያ 7 ቀን 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ተነሣ። በዔደን ያየው እንግሊዛዊ ሐኪም የመገጣጠሚያ መቈጣት ነው አለ። በማርሴይ ግን በግንቦት 27 ቀን እግሩ ተቈረጠ፤ በኅዳር 10 ቀንም በ37 ዓመቱ ሞተ። በሆስፒታሉ የተመዘገበው በሽታ ካንሰር ነበር።

በዚያን ጊዜ ኮርቲዞን ቀርቶ፥ በ1895 የተገኘው የራጅ ጨረር እንኳ አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም አሉ። ነገር ግን ራጁ ሳይቀድም መርፌው ከቀደመ፥ እንዲህ ያለው በሽታ ለጥቂት ሳምንታት ተሸፍኖ ጊዜ ያልፍበታል። ስለዚህ ሌሊት ዕረፍት የሚነሣ ሕመም፥ እያደገ የሚሄድ እብጠት፥ ትኵሳት ወይም ክሳት ያለበት ሰው በቅድሚያ መመርመር አለበት። በተሐዋስያን በተመረዘ ጉልበት ውስጥ ስቴሮይድ መጨመር በሽታውን ያባብሳል። የስኳር ሕመምተኛም ከተወጋ በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ እንደሚል ሊነገረው ይገባል።

5. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ታየው፥ መርፌ ይረዳልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን፥ ለጥቂት ሳምንታት» የሚል ነው። ሕመሙ ታውቆ፥ በሠለጠነ እጅና በንጹሕ መሣሪያ ከተሰጠ፥ ሰውዬው እንቅስቃሴ እስኪጀምር ድረስ ፋታ ይሰጠዋል። የሚቈየውን ጥቅም የሚያመጣው ግን የጭንን ጡንቻ ማጠንከርና በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ክብደት መቀነስ ነው። በ2005 በታተመ ጥናት፥ ከሰውነት ክብደት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል።

ይህ ምክር ግን በአገራችን መታረም ያስፈልገዋል። ከጋራው ማገዶ ተሸክማ የምትወርደው ቀጭን ሴት የምትቀንሰው ውፍረት የላትም፤ መቀነስ ያለበት ሸክሟ ነው። ሸክሙን በሁለት ጊዜ መክፈል ወይም በአህያ መጫን ለእርሷ ከማንኛውም መርፌ የበለጠ ሕክምና ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በብዛት የተደረጉት እንዲህ ያለ ሸክም በማይሸከሙ ሰዎች ላይ ነው። በሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ከጋራው ግርጌ ሆነው ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ቢኖር፥ ሸክም ሲቀነስ ጉልበት ምን ያህል ይሻለዋል የሚለው ነው።