የተጠመዘዘ ደጋን እንዴት ይቃናል?

ቀጥ ብሎ የበቀለ፥ ቀጥ ተደርጎም የተጠረበ እንጨት፥ ውሎ አድሮ ሲጠመዘዝ ያላየ ሰው የለም። የበር መቃን ይጠመዘዛል፤ ሞፈርም ይጠመዘዛል። ነገር ግን በር ቢጠመዘዝ አልዘጋ ከማለት አያልፍም። ደጋን የተጠመዘዘ እንደ ሆነ ግን አውታሩ በሚሳብበት ሰዓት ከቦታው አፈትልኮ የተኳሹን ፊት ሊመታ ይችላል፤ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። ደጋኑ ራሱ የሚሰበርበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው የተጠመዘዘውን ደጋን ማገዶ ያደርገዋል። ይህ ግን ፈጽሞ ችኮላ ነው።

ደጋን የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የእናቶቻችንን ጥጥ መንደፊያ ያስታውሰናል። እዚህ የምናወራው ፍላጻ ስለሚወረወርበት ስለ ትልቁ ደጋን ነው። ይህ መሣሪያ በአዊ ደጋ፥ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፥ የአገሩ መለያ አይደለም፤ የአዊ መለያ ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲወጣ የሚታየው ጉግስና ሽምጥ እንጂ ቀስት አይደለም። ነገር ግን ከእንጅባራ ተነሥቶ ቻግኒን አልፎ ወደ መተከል ቆላ የወረደ መንገደኛ የጉሙዝን አገር ያገኛል፤ በዚያም ደጋንና ፍላጻ ከጥንት ጀምሮ የአደን መሣሪያ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ አዋሳኝ ከሁለቱም ወገን የሰው ደም ስለ ፈሰሰ፥ በደጋው ስለ ደጋን ሲነሣ የሠሪውን የእጅ ጥበብ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ የቆላው ደጋን ሠሪና የእንጅባራው ቀርከሃ ሠራተኛ የሚታገሉት ከአንዱ ከእንጨት እልከኝነት ጋር ነውና።

ሥራው እጅግ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ወሰን ከበረዶ ውስጥ ከወጣው የ5300 ዓመት ሬሳ አጠገብ፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሚያህል ደጋን ተገኝቷል። ደጋኑ ተሠርቶ አላለቀም፤ የመሣሪያው ምልክት ዛሬም ይታይበታል። ሠሪው ይጠመዘዝ አይጠመዘዝ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው።

ከአንድ እንጨት የተሠራ ደጋን መካከሉ እጀታ፥ ወዲያና ወዲህ ያሉት ደግሞ ሁለት ክንዶች ናቸው። ወደ ዒላማው የሚያየውን ፊት ጀርባ፥ ወደ ተኳሹ የሚያየውን ሆድ እንበለው። ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፤ ሆዱ ይጨመቃል።

ታዲያ ስለምን ይጠመዘዛል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዛፉ ነው። አንዳንዱ ዛፍ ሲያድግ ቃጫው እንደ ገመድ እየዞረ ይወጣል፤ እንጨቱ ሲፈለጥ ይታወቃል። እንዲህ ያለው እንጨት እርጥበት በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ይዞራል። ከሞቃቱ ቆላ የመጣ ደጋን ክረምቱን በዝናባማው እንጅባራ ሲያሳልፍ እርጥበት ይጠጣል፤ በጋ ሲመጣ መልሶ ይደርቃል። ከወደ አንድ ጎኑ ብቻ የምድጃ ሙቀት ካገኘውማ ይባስ ብሎ ይጣመማል።

ከዛፉ ሌላ የሠሪው እጅ አለ። ስፋቱ በእጥፍ የጨመረ እንጨት ላለመጉበጥ ያለው ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ በእጥፍ የጨመረ ግን ስምንት እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ከውፍረቱ ከመቶ 10 እጅ ብቻ የተላገ ቦታ፥ ከኀይሉ ከመቶ 27 እጅ ያህሉን ያጣል። ተማሪዎቼ ይህን በሰሌዳ ላይ ሳሰላላቸው አያምኑም፤ መላጊያ ይዞ የኖረ ሰው ግን ሳይሰላለት ያውቀዋል።

ስለ ሆነም «እንዴት ላቃናው?» ከማለት በፊት «የሚጠመዘዘው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አውታሩን ፍቱና ሁለት ቀጥ ያሉ መቃዎችን በክንዱ ላይ አግድም አስቀምጡ፤ አንዱን ከእጀታው፥ ሁለተኛውን ከጫፉ አጠገብ። ከዚያም አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ተመልከቱ። መቃዎቹ ትይዩ ካልሆኑ እንጨቱ ራሱ ዞሯል፤ መድኃኒቱም እሳት ነው። ትይዩ ሆነው ሳለ አውታር ሲገባበት ወይም ሲሳብ ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን አንዱ ጎን ከሌላው በርትቷል፥ ወይም አውታሩ የሚያዝባቸው የጫፉ ቅርጾች ግራና ቀኛቸው አልተስተካከለም፤ መድኃኒቱም ሞረድ ነው። ይህን ሳይለይ የሚጀምር ሰው ደኅናውን እንጨት በከንቱ ይጠብሳል፤ ወይም መልሶ ሊቀጥለው የማይችለውን ይልጋል። ጥመቱ ጥቂት ከሆነና አውታሩ ሲሳብም በክንዱ መካከል ካረፈ፥ ባይነካ ይሻላል ባይ ነኝ።

የእንጨት ቃጫዎችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሊግኒን የሚባል ሙጫ መሳይ ነገር ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፥ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። በእንጅባራ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩት ባለሙያዎች ስሙን ባይሰሙትም ጠባዩን ያውቁታል፤ በእሳት አሙቀው ያጎብጡታል፥ የጎበጠውንም ያርቁታል። አማርኛችን እዚህ ላይ ደስ ይላል፤ የጎበጠ እንጨት ይታረቃል፥ የተጣላ ሰውም ይታረቃል። እርጥበት ያለው እንጨት በእንፋሎት ይሞቃል፤ ለ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት 1 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ለደረቀው ግን ፍም እንጂ ነበልባል አያስፈልግም። የተጠመዘዘውን ቦታ ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ፥ ከፍሙ በላይ እያገላበጡ እስከ ውስጡ ድረስ ማሞቅ ነው፤ ስቡ እንዳያርና ሙቀቱ እንዲዳረስ ይረዳል። ከዚያም ወደ ተቃራኒው መጠምዘዝ፥ ጥቂትም ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ እንጨት ሲለቁት ትንሽ ይመለሳልና። በዚያው እንዳለ ከጠንካራ ጣውላ ጋር አጥብቆ አስሮ ማሳደር ነው። ሙቅ ሳለ የተፈታ እንጨት ወደ ጥመቱ ይመለሳል። በማግሥቱም አይሳብም፤ እሳቱ እርጥበቱን ስለ ወሰደው ከአየሩ መልሶ እስኪጠጣ ጥቂት ቀናት ካልተወ ይሰነጠቃል።

የሞረዱ ሥራ ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሲሳብ ጫፉ የሚያዘነብለው ወደ ደካማው ጎን ነው፤ ስለዚህ የሚላገው ተቃራኒው፥ ብርቱው ጎን ነው። የሚላገውም ከሆዱ ወገን ነው፤ የጀርባው ቃጫ ከተቆረጠ ደጋኑ ከዚያ ላይ ይሰበራልና። በብርጭቆ ስባሪ ጥቂት ጊዜ ፍቆ፥ አውታሩን አስገብቶ፥ በግማሽ ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል ስቦ መመልከት፥ ከዚያም እንደገና መፋቅ ነው። በተፋቀ ቁጥር የደጋኑ ጉልበት ይቀንሳል፤ ለማቃናቱ የሚከፈለው ዋጋ ይኸው ነው።

የተቃናውን ደጋን አውታሩን ሳይፈቱ አያሳድሩም። ከምድጃም በላይ አይሰቀልም፤ በእንጅባራ ክረምት ጫፉን መሬት አስነክቶ በግድግዳ ማስደገፍም እርጥበት ያስጠጣዋል። ሁለት ችንካር መትቶ አግድም ማስቀመጥ ነው።