ካርዱን ሳታዩ አትመዝግቡ

«ልጄ ተከትቧል» የሚል ቃል መዝገብ አይሆንም። በሕፃናት ማቆያ የምትመደቡ ሠልጣኞች ሁሉ በምዝገባው ቀን የክትባቱን ካርድ ጠይቁ፤ እያንዳንዱን ክትባት ከነቀኑ ገልብጡ። የራይት ምልክት ብቻ ማድረግ አይበቃም። ለምን ቢሉ፣ በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቀን ካልተጻፈ ልጁ አንዱን ይውሰድ ሁለቱን በምን ይታወቃል? ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳም ያታልላል፤ እሱ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት እንጂ የሌላው አይደለም።

ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የታመመው ልጅ ሽፍታው ሊወጣ 4 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሌላውን ያስይዛል። እንግዲህ ሽፍታ በታየ ዕለት «ያልተከተበው የትኛው ነው?» ሲባል፣ መልሱ እዚያው ከመዝገቡ መገኘት አለበት። ያን ጊዜ በየቤቱ እየዞሩ እናት መጠየቅ ከጅብ በኋላ ነው።

ካርድ የጠፋባትን እናት አትቆጡ፤ ቁጣ ካርድ አያመጣም። ልጁ ወደተከተበበት ጤና ጣቢያ ላኳት፤ እዚያም መዝገብ አለ። ያቋረጠ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከሀ አይጀምርም፤ ይህን ብትነግሯት ሳታፍር ትሄዳለች። በየወሩ መጀመሪያ ቀጠሮው የደረሰውን ልጅ ስም ከመዝገቡ አውጡና ማታ ሊወስዱት ሲመጡ ንገሩ።