ስምንት ወልዳ አምስት የቀሩላት እናት

«ስንት ወለድሽ? ስንቱስ አለልሽ?»

በእርግዝና ክትትል ክፍል የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ በእንቅልፍ ልቡም ይጠይቀዋል። እኔም በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት መልሱን በካርድ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ፈጣሪ ይወቀው። የመጀመሪያውን ቁጥር ፈጥና የነገረችኝ እናት፣ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። ይህንኑ ጥያቄ የአሜሪካ መንግሥት ቆጣሪዎች በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የአሜሪካና የጀርመን ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤት ለቤት እየዞሩ ለእናቶች ያቀርቡት እንደነበር ያወቅሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ልጄ አዮዋ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ትኖራለች። ባለቤቷ የዘር ሐረጉ ከጀርመን የሚመዘዝ የገበሬ ልጅ ነው። ለአራስ ጥየቃ ሄጄ ስድስት ወር ስቀመጥ፣ የልጄ አማት ለልጅ ልጃችን የሚሆን የቤተሰብ ታሪክ እያዘጋጁ አገኘኋቸው። እሳቸው መኪና እየነዱ፣ እኔ መነጽሬን ይዤ፣ በየመዝገብ ቤቱ አብረን ዞርን። አራስ ልትጠይቅ ሄዳ የሙታን መዝገብ ስታገላብጥ ከረመች ብለው የሳቁብኝ ዘመዶች አሉ።

ቤተሰቡ ከጀርመን የወጣው በ1873 ነው። ሀገራቸው ኦስትፍሪስላንድ ይባላል፤ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ ከሆላንድ ጋር የሚዋሰን ዝቅተኛ የባሕር ዳር ምድር ነው። ከዚያ የመጡ ብዙ ገበሬዎች በአዮዋ፣ ግራንዲ በተባለው ካውንቲ ሰፍረዋል። የልጄ አማት የሚያውቁት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች አምስት ልጆች እንደነበሯቸው ነው። አምስቱም በግድግዳ ላይ በተሰቀለው አሮጌ ፎቶግራፍ ውስጥ ቆመዋል።

የ1900ው የቆጠራ ወረቀት ግን በእናትየዋ ስም ትይዩ «8» ይላል። ቀጥሎ ባለው ዓምድ «5» ይላል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። የልጄ አማት ይህን ወረቀት ከዚያ በፊት አይተውታል፤ የተመለከቱት ግን ወደ አሜሪካ የገቡበትን ዓመት ነበር። እኔ ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ሦስቱ ልጆች የት ሄዱ?

የመንግሥት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃን ቆጣሪው ሲመጣ የለም። በዚያ ላይ የ1890ው ቆጠራ መዝገብ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት አብዛኛው ስለጠፋ፣ ከ1880 እስከ 1900 ያለው ሃያ ዓመት ለፈላጊ ጨለማ ነው። ትልልቁ መዝገብ የማያውቀውን የሚያውቁት የአጥቢያው መዝገቦች ናቸው፤ የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ ቦታ።

በአዮዋ ልደትና ሞት በየካውንቲው መመዝገብ የጀመረው በ1880 ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ፣ በ1886 ክረምት፣ የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ሴት ሕፃናት አገኘን፤ አንዷ የአምስት፣ አንዷ የሦስት ዓመት። በመካከላቸው አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። የሞታቸው ምክንያት በድሮ የሕክምና ቃል ተጽፏል፤ ጉሮሮ ላይ ሽፋን አብጅቶ ትንፋሽ የሚያሳጣ ክሩፕ ይላል። የልጄ አማት «ጉንፋን ነገር ነው?» አሉኝ። አይደለም። በዚያ ዘመን በዚህ ስም ከተጻፈው አብዛኛው እኛ ዘጊ አናዳ ወይም ዲፍቴሪያ የምንለው ነው። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አንድ አልጋ ላይ ለሚተኙ እህትማማቾች ደግሞ መዳኛ የለውም። የበሽታውን መድኃኒት፣ ማለትም ፀረ መርዙን ሴረም ያገኘው ኤሚል ቮን ቤሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነበር። ሴረሙ የመጣው ግን በ1890ዎቹ ነው፤ ለነዚህ ሕፃናት አልደረሰም። ዛሬ እኛ ጋ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ለሕፃን የሚሰጠው ባለ አምስት ክትባት ውስጥ የዚህ በሽታ መከላከያ አለበት። የልጅ ልጄ የመጀመሪያውን ክትባት በወሰደ ሰሞን ይህን መዝገብ ማንበቤ እጄን አንቀጠቀጠው ብል አላጋነንኩም።

ሦስተኛው ልጅ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ የለም። ከ1880 በፊት ሞቶ ከሆነ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ላውጋችሁ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው። የኦስትፍሪስላንድ ሰዎች እንደ እኛ የአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ለምሳሌ የያን ልጅ ሃርም፣ «ሃርም ያንሰን» ይባላል። የእሱ ልጅ ደግሞ «ያን ሃርምስ» ይሆናል። በናፖሊዮን አገዛዝ ዘመን፣ በ1811፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ የሚል ትእዛዝ ቢወጣም ብዙዎች ለረጅም ጊዜ በቀድሞው ልማድ ቀጥለዋል። እኛም ልጆቻችን ውጭ ሀገር ሲሄዱ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲቀር እናያለን። የልጄ አማት ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እናንተ የእኛን የድሮ ሰዎች ትመስላላችሁ» አሉኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ይበልጥ ይገርማል። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል። ያ ልጅ ቢሞት ስሙ እንዳይጠፋ ቀጥሎ ለሚወለደው ወንድ ይሰጣል።

በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በ1876 የተሰጠ የክርስትና ምስክር ወረቀት ተጣጥፎ ኖሯል። በስሙ የሚጠራው ቅድመ አያት የመቃብር ድንጋይ ግን የተወለደው በ1880 ነው ይላል። ቤተሰቡ ከልጅ እስከ አያት ቄሱ ዓመቱን ተሳስተው ነው ሲል ኖሯል። ቄሱ አልተሳሳቱም። የቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ በ1878 ያንኑ ስም የያዘ የሁለት ዓመት ሕፃን መቀበሩን ይናገራል። ሁለተኛው ልጅ፣ በ1880 የተወለደው፣ ስሙን ከሟች ወንድሙ ነው ያገኘው። የልጄ አማት ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ለእኔ ግን አዲስ አልነበረም። ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ካርድ ላይ ሳይ፣ ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ እንደነበረ ገምቼ እናቲቱን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምጠይቃት። እኛ ሐዘኑን በስሙ ትርጉም እንናገራለን፤ እነሱ ስሙን ራሱን ይደግሙታል።

ያ የቀብር መዝገብ ሌላም ነገር ሰጠን፤ የወላጆቹን የትውልድ መንደር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመንግሥት ወረቀቶች ላይ ያው አንድ ሰው አንዴ የሃኖቨር፣ አንዴ የፕሩሲያ፣ አንዴ የጀርመን ተወላጅ ይባላል። ሰውዬው አገር ለአገር ዞሮ አይደለም። ሃኖቨር በ1866 በፕሩሲያ ተጠቀለለች፤ ፕሩሲያም በ1871 ከተመሠረተው የጀርመን መንግሥት ጋር ተዋሐደች። የብሬመን ወደብ የድሮ የመንገደኞች መዝገብ ደግሞ ገሚሱ ቦታ አጣበበ ተብሎ በባለሥልጣናቱ ተወግዷል፤ ሌላውም በጦርነት ጠፍቷል። በጀርመን የሚገኘውን የክርስትና መዝገብ ለመፈለግ የመንደሩን ስም ማወቅ ግድ ነው፤ መዝገቡ የሚቀመጠው በየአጥቢያው ነውና።

የአዮዋው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እስከ 1918 ድረስ በጀርመንኛ፣ ለእኔ የጉንዳን መንገድ በሚመስል የድሮ እጅ ጽሕፈት ነው የተጻፈው። ከዚያ በድንገት እንግሊዝኛ ይሆናል። በዚያ ዓመት ግንቦት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የአዮዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አውጆ ነበር። ልጆቿን በጀርመንኛ ጸሎት የቀበረች እናት በስተርጅና በቋንቋዋ መጸለይ ተከለከለች ማለት ነው። እሷ ራሷ በመዝገቦቹ ላይ የባሏ ሚስት እየተባለች ነው የኖረችው፤ እስከ 1922 ድረስ ያገባች ስደተኛ ዜግነቷ በባሏ በኩል ስለሆነ የራሷ ወረቀት የላትም። የአባቷን ቤት ስም ያገኘነው አዮዋ በ1925 ባካሄደችው የራሷ ቆጠራ፣ በልጇ ስም ትይዩ ነው። ያ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው እናት የልጅነት ስም ጭምር ይጠይቅ ነበር። ጠያቂውን ይባርከው።

አሁን በልጅ ልጃችን መጽሐፍ ላይ በዚያ ወገን ስምንቱም ልጆች በየስማቸው ሰፍረዋል።

በእኛ ወገን ያለው ገጽ ገና ነው። በሀገራችን ልደትና ሞት በመላ ሀገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የምገለብጠው መዝገብ የለኝም። ሰባት ቤት ድረስ ወደ ላይ ቆጥሬ ጽፌያለሁ፤ ወደ ጎን ግን ይጎድላል። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አራት ቀብራለች። የሦስቱን ስም አውቃለሁ። የአራተኛዋን ስም የሚያውቁ ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ አክስቴ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ይህ በስልክ የሚሆን ጨዋታ አይደለም። ለዳግማይ ትንሣኤ እሄዳለሁ፤ ደብተሩንም ይዤ።