ሞተሩ መጨረሻ ይምጣ፦ ከአሮጌ የተሽከርካሪ ዕቃ ጎ ካርት ስለ መሥራት

ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል የኩሽኔታ ጋሪ ያውቃል። አንድ ጣውላ፣ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨት፣ በየጫፉ ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ። የፊተኛው እንጨት መሐሉ ላይ በአንድ ብሎን ተይዞ በእግር እየተገፋ ይዞራል። ከአስፋልቱ አናት ተነሥቶ እየተንኳኳ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፍሬኑ የጫማ ሶል ነው። ጎ ካርት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሞተር፣ መሪና ደኅና ፍሬን ሲጨመርበት ስሙ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ጎ ካርትም የተሠራው ከትርፍ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የውድድር መኪና ሠሪ የነበረው አርት ኢንግልስ ከጓደኛው ከሉ ቦሬሊ ጋር ሆኖ፣ ገዢ አጥቶ የተረፈ የሣር ማጨጃ ሞተር በብረት ቱቦ ላይ አሰረ። በአገራችንም አስመላሽ ዘፈሩ በ570 ቀን ለሠራው አውሮፕላን የመረጠው ሞተር ያገለገለ የቮልስዋገን ሞተር ነበር። እንደ አዘና ባለ የአዊ ዞን ከተማ የሣር ማጨጃ ፍለጋ መውጣት ድካም ነው። በአዊ ወንዞች ዳር ግን በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የሚጠቀምበት የቤንዚን ውሃ መሳቢያ አለ፤ ሞተሩ ከሣር ማጨጃው ሞተር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ፓምፑ ሲሰበር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ሳለ ጥግ ተጥሎ ይቀራል።

ይህን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ሞተሩን ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ መሪው፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ሞተሩ በመጨረሻ። የማይነሣ ሞተር ማንንም አይጎዳም፤ የማይዞርና የማይቆም ጎ ካርት ግን ይጎዳል።

ለመሪው ትምህርት የሚሆነን በአዊ ምድር ከሁሉ በላይ የምናውቀው ፈረስና ጋሪ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ለፈረስ ያለው ክብር በየዓመቱ ጥር 23 ይታያል፤ ጋሪው ደግሞ በየገበያው መንገድ ላይ ነው። ጋሪ ሠሪ ከተጣለ መኪና የተገኘ አክስልና ጎማ አስተካክሎ ማሰር ያውቅበታል። ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ መሪ አያሻውም፤ ፈረሱ ይዞራል፣ ጎማዎቹም በየራሳቸው ፍጥነት ይሽከረከራሉ። ጎማው አራት ሲሆን ግን ችግር ይመጣል። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የቀኙ የፊት ጎማ ጠባብ ክብ፣ የግራው ሰፊ ክብ ይሄዳል። ሁለቱ እኩል ከዞሩ አንዱ መጎተቱ አይቀርም፤ ጎማው ይበላል፣ መሪውም ይከብዳል። መላውን ያገኘው የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ የነበረው ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ሲሆን፣ በ1818 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በፈጠራ መብትነት ያስመዘገበው ሩዶልፍ አከርማን ነው። የዛሬ መኪናም የሚዞረው ለፈረስ ሠረገላ በታሰበ ዘዴ ነው።

ዘዴውን በክር መሥራት ይቻላል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ከሚዞርበት ቋሚ ዘንግ አንድ አንድ ክር አንሥቶ የኋላው አክስል መካከል ላይ ማገናኘት ነው። ጎማውን የሚያዞሩት ሁለት አጫጭር ክንዶች በእነዚህ ክሮች አቅጣጫ ወደ ኋላ ይበየዳሉ፤ ክንዶቹን በሚያገናኘው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ጋራዦች ቴስቲና የሚሉት ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ይገባል። ያኔ የውስጠኛው ጎማ በራሱ አብዝቶ ይዞራል። ቋሚው ዘንግ አናቱ ጥቂት ወደ ኋላ ጋደል ይበል፤ የሞተር ሳይክል ሹካም እንደዚያ ነው። መሪው ሲለቀቅ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቴስቲናው አሮጌ ከሆነ በእጅ ነቅንቆ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ከተንገዳገደ ይጣል። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

አካሉ ከክብ ብረት ይሠራል፤ 30 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። የውድድር ጎ ካርት ባሌስትራም ሞላም የለውም፤ ጉድጓዱን የሚችለው የብረቱ መተጣጠፍ ነው። የዚንክ ቅብ ያለው የውሃ ቧንቧ በብየዳ ጊዜ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣልና ከሌላ ብረት ይሠራ። አሮጌ የነዳጅ ታንክ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ይፈነዳል፤ በምንም ምክንያት አይበየድ።

ለአዋቂ የሚሆን ጎ ካርት የሚያስብ ሰው የተገለበጠ ባጃጅ ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ባለ አራት ምቱ የባጃጅ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ናቸው፣ የኋላ ማርሽም አለው፣ የኋላ ጎማዎቹም ፍሬን አላቸው። የኋላውን ክፍል እንዳለ ወስዶ ከአዲሱ አካል ጋር ማሰር ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። የፊቱን አንድ ጎማ ግን መተው ይሻላል። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ በመታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመገልበጥ ጠባይ አለው።

ለታዳጊ ልጅ የውሃ መሳቢያው ሞተር ይስማማል። ካምቢዮም ፍሪሲዮንም የለውም፤ ለዚህ መላው ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ቺንጋው ሲላላ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ሲወጠር ኃይል ያስተላልፋል፤ መወጠሪያውን በእግር ፔዳል ማድረግ ይቻላል። ፍጥነቱን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞራል እንበል። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ 24 ሳንቲ ሜትሩን ሲያዞር ዙሩ በ3 ይቀንሳል። ቀጥሎ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ከ14 ጥርስ ወደ 42 ጥርስ ሲሄድ እንደገና በ3 ይቀንሳል፤ 400 ዙር ይቀራል። የባጃጅ ጎማ በአንድ ዙር 1.3 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 520 ሜትር፣ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መሬት ለመሬት ለተቀመጠ ልጅ ይህ ብዙ ነው። ደጋ ላይ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እንደ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ሩብ ያህሉን ያጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ካርቡሬተሩ ይስተካከል።

ዕቃ ከቁራሌውም ይገዛ ከጋራዥ፣ የሻጩን ማንነት የሚገልጽ ወረቀት መያዝ ከተሰረቀ ንብረት ጣጣ ያድናል። ያለ ሰሌዳና ያለ ቦሎ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም፤ ቦታው የታጠረ ሜዳ ነው። ሰንሰለቱና ቺንጋው በላሜራ ይሸፈኑ። በጋቢ፣ በነጠላ ወይም በሻሽ ማንም አይሳፈር፤ ዘርፉ አንዴ በሚዞር ዘንግ ከተያዘ ሰውን አንገቱን ይዞ ነው የሚጎትተው። የነዳጅ መስጫው እግር ሲነሣ በስፕሪንግ ይመለስ፤ ሞተር ማጥፊያውም እጅ የሚደርስበት ይሁን።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ሞተር ነው። ለስላሳ ተዳፋት ላይ፣ ልክ እንደ ኩሽኔታው ጋሪ፣ አንድ አዋቂ ተቀምጦበት በቀስታ ይለቀቅ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይ? ፍሬኑ ሲረገጥ ወደ አንድ ወገን ይስባል ወይ? ይህን ሦስት አራት ጊዜ ካለፈ ሞተሩ ይታሰር። ሞተሩ ከተነሣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጥፋ፤ ንዝረቱ ያላላው ዳዶ አይጠፋምና እያንዳንዱ ብሎን በመፍቻ እንደገና ይነካ።