ለግሪሳ ወፍ የሚገዛ ጠብመንጃ ስንት ማሽላ ያድናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ አጣዬ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት ወራት ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ ማሳ፣ በየማሳው መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ፣ በማማው ላይም ወንጭፍ የያዘ ልጅ ማየቱ አይቀርም። ጊዜው ማሽላው ወተት የሚይዝበት ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይመጣል። በኤፍራታና ግድም፣ በቀወትና በአጎራባቹ የይፋት ቆላ የሚኖረው ገበሬ የክረምቱን እርሻና አረም ጨርሶ ሁለተኛውን ድካም፣ ማለትም ወፍ ጥበቃን የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው።

ማሾ ወይም ሽንኩርት ሸጦ ጥቂት ገንዘብ በእጁ የገባ ገበሬ በዚህ ወቅት አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። ይኸውም «ልጆቹ ከማማ ይውረዱ፣ እኔ የወፍ ጠብመንጃ ልግዛ» የሚል ነው። በተለይም በተከታታይ የሚተኩሰው፣ ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው የአደን ጠብመንጃ ዋጋው ከቀድሞው ረከሰ ሲባል ሐሳቡ ይበልጥ ያጓጓል። ዳሩ ግን ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያውም ወፉም በቅጡ መታወቅ አለባቸው።

የአደን ጠብመንጃ እንደ ሌላው ጠብመንጃ አንድ እርሳስ ብቻ የሚተኩስ ሳይሆን በአንድ ጥይት ብዙ ጥቃቅን ፍሬ የሚረጭ ነው። በብዛት የሚገኘው 12 ቁጥር የሚባለው ሲሆን፣ ቁጥሩ የመጣው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በአፈሙዙ ስፋት ልክ 12 ድብልብል ጥይት ይወጣል ከሚለው ከጥንቱ የእንግሊዞች ልኬት ነው። ለትናንሽ ወፍ የሚሆነው በአሜሪካኖች አቈጣጠር 8 ቁጥር የሚባለው ፍሬ ነው። 28 ግራም በሚመዝን እርሳስ ውስጥ 400 ያህል ፍሬ ይገኛል። ይህ ሁሉ ፍሬ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ እየተበተነ ስለሚሄድ ከ35 ሜትር ወዲያ እምብዛም አያስተማምንም።

ራሱን የሚያጎርሰውን ዓይነት በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ሲሆን፣ የፈለሰፈው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1902 በቤልጅግ አገር መሠራት ጀምሯል። «ቤልጅግ» የሚለው ቃል በአገራችን ሽማግሌዎች አንደበት የጠብመንጃ ስም ሆኖ መቅረቱ ያገሪቱ ፋብሪካ ምን ያህል እንደታወቀ ያስረዳል። በአሁኑ ዘመን በርካሽነታቸው በዓለም ገበያ የታወቁት ግን በቱርክ አገር፣ በተለይም በሁግሉና በበይሸሂር አካባቢ የሚሠሩት ናቸው። ርካሽ ሲመረጥ ዋናው ነገር የአሠራሩን ስልት መለየት ነው። አንዱ ዓይነት ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ወስዶ ቀለሁን ያወጣና አዲስ ያጎርሳል። ይህ ትከሻን ብዙ አይመታም፤ ነገር ግን በጥላሸት ቶሎ ስለሚቆሽሽ ሳይጸዳ ከዋለ ይነክሳል። ሌላው በራሱ ምት ኀይል የሚሠራ ነው። ንጽሕናውን ይጠብቃል፣ ክፍሎቹም ጥቂት ናቸው፤ ዳሩ ግን ይረግጣል፣ ደካማ ጥይት ሲጎርስም ቀለሁን ጨርሶ ላያወጣ ይችላል። በአቧራማ ቆላ ከሁለቱም ይልቅ የማያስቸግረው ተሰብሮ የሚጎርሰው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት አፈሙዝ ሲሆን፣ ባለ አንዱ በዋጋም ከሁሉም የሚያንስ ነው። ሦስት ጥይት በተከታታይ መተኮስ የግድ ካልሆነ ገዢው ለሦስተኛው ጥይት ሲል የሚጨምረውን ዋጋ ደግሞ ማሰብ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ የተሠራለት ወፍ አለ። ጅግራና ቆቅ በምድር እየሄዱ የሚለቅሙ፣ ሥጋቸው የሚበላ፣ አንድ አንዱን ተነጣጥሮ የሚመቱ ናቸው። እነርሱንም ቢሆን ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ያደረገው ሲሆን፣ መሣሪያውን ለመያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ገዢው ከዋጋው በላይ ሁለት ደጅ መጥናት እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ።

ግሪሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይ መንቁር ያላት ይህች ወፍ ክብደቷ ከ15 እስከ 20 ግራም ብቻ ነው። ብቻዋን ስትታይ ከድንቢጥ የምትለይ አትመስልም። አስፈሪ የሚያደርጋት ብዛቷ ነው። በአንድ ማደሪያ ሚሊዮን ሆና ልታድር ትችላለች፤ ስትነሣም እንደ ጭስ ተጠቅልላ ነው። የምትወደው የሜዳ ሣር ፍሬ ነው። ያ ሲያልቅ ወይም ሲበቅል ወደ ማሽላ፣ ወደ ዳጉሳና ወደ ስንዴ ትዞራለች። በቆሎን ፍሬው ትልቅ ስለሆነባት ትታ ታልፋለች። ከምትበላው ሌላ የምታረግፈው ሲጨመር አንዲት ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ታጠፋለች ተብሎ ይገመታል። 10 ግራም ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። በሚሊዮን ሲባዛ ግን በአንድ ቀን 100 ኩንታል ነው።

አሁን ሒሳቡን ወደ ጠብመንጃው መመለስ ይቻላል። ተኳሹ ጎበዝ ሆኖ በአንድ ጥይት አሥር ወፍ ጣለ እንበል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ለመጨረስ 100,000 ጥይት ያስፈልገዋል። አምስት ጥይት በሚጎርስ መሣሪያ ይህ 20,000 ጊዜ ማጉረስ ማለት ነው። ከዚህም በላይ እነዚያ የወደቁት አሥር ወፎች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በቀን 100 ግራም፣ ማሽላው ወተት ይዞ እስኪደርቅ ባለው አንድ ወር ያህል ጊዜ ደግሞ 3 ኪሎ ግራም ቢበሉ ነው። ስለዚህ አንድ ጥይት የሚያድነው ቢበዛ 3 ኪሎ ማሽላ መሆኑ ነው፤ እርሱም በወደቁት ምትክ ሌሎች ካልመጡ ነው። ይመጣሉ። የ3 ኪሎ ማሽላን ዋጋ ከአንድ ጥይት ዋጋ ጋር ማስተያየት ለማንኛውም ገበያተኛ የሚከብድ አይደለም። እንግዲህ የሚያከስረው የጠብመንጃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከተለው የጥይት ወጪ ጭምር ነው። በአገዳው ላይ የሚቀረው እርሳስም አገዳውን ለሚበሉት ከብቶች መርዝ ነው።

«ባይገድልም ድምፁ ያባርራል» የሚል መልስ ይኖራል። እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያባርራል። ወፍ ግን ጉዳት የማያስከትል ድምፅን ፈጥና ትለምዳለች። ከተባረረችም የምትሄደው ከጎረቤት ማሳ ላይ ነው። በአጣዬና በአካባቢዋ ደግሞ የተኩስ ድምፅ የራሱ ትዝታ አለው። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በከተማዋ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤትና ንብረት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ጎሕ ሲቀድ ከማሽላ ማሳ ውስጥ በተከታታይ የሚሰማ ተኩስ ለወፍ ይሁን ለሰው በምን ይለያል? ማንም ዕቃ ሻጭ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የማያሰፍረው ኪሳራ ይኸኛው ነው።

በአንጻሩ ወንጭፍ ጥይቱ ከመሬት የሚለቀም ነው። ጅራፍ ሲጮህ፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ በማሳው ዙሪያ የተወጠረ የካሴት ክር በነፋስ ሲያፏጭ ወፍ ትሸሻለች። እነዚህንም ብትለምድ ጠባቂው ስፍራና ድምፅ እየለዋወጠ ያታልላታል። ጥበቃው የሚጠብቀው ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽት ነው፤ ወፏ አጥብቃ የምትመገበው በእነዚህ ሰዓታት ነውና። የወንጭፍ እውነተኛ ዋጋ የሰው ጉልበት ነው። ያም ጉልበት ብዙውን ጊዜ የልጅ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም፣ ማማ የሚወጣውም በመስከረም ወር መሆኑ የቆላ ልጅ ዕድል ሆኖ ቆይቷል። ለጠብመንጃ የታሰበው ገንዘብ ለአንድ ወር የጎልማሳ ወፍ ጠባቂ ቢከፈልበት ልጁም ደብተሩን ይይዛል፣ ማሽላውም ይጠበቃል። ማሳቸው የተያያዘ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በአንድነት ሲጠብቁ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል።

የዘሩም ምርጫ ቀላል አይደለም። ብቻውን ቀድሞ ያሸተ ማሳ የአገር ወፍ ሁሉ ሰፈር ይሆናል። እንደ ተሻለና ግራና-1 ያሉት ፈጥነው የሚደርሱ የምርምር ዝርያዎች ዝናብ ሲያጥር ባለውለታ ቢሆኑም፣ አንድ ገበሬ ለብቻው ሲዘራቸው ለወፍ የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቀበሌው በአንድ ሰሞን ቢዘራ ጉዳቱ ለሁሉ ይከፋፈላል። ፍሬው የሚመርረውን ቀይ ዘንጋዳ ወፍ እምብዛም አትደፍረውም፤ ነገር ግን እንጀራው እንደ ነጩ አይሆንም፣ የሚመረጠውም ለጠላ ነው። ጣፋጩን ወተት በጉንጬን ግን ከሰው እኩል ወፍም ታውቀዋለች።

ግሪሳ በሚሊዮን ስትመጣ ወንጭፍም ይሸነፋል። ያን ጊዜ መፍትሔው ከማሳው ላይ ሳይሆን ከማደሪያዋ ላይ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1979 በማሽላ ላይ የሚደርሰውን የወፍ ጉዳትና የግሪሳን መራቢያ ሰፈር መቈጣጠር የሚያስገኘውን ውጤት የመረመረ ጥናት ተካሂዶ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1962 ያቋቋሙት የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ለግሪሳ መድኃኒት በአውሮፕላን ሲረጭ የኖረ ነው። ርጭቱ የሚካሄደው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወፎቹ ለማደር ሲሰበሰቡ ነው። መድኃኒቱ ፌንቲዮን የሚባል መርዝ በመሆኑ ጭልፊትንና ሌሎች ወፎችንም ይጎዳል፤ በመርዙ የሞተች ግሪሳም ለሰውም ለዶሮም ምግብ መሆን የለባትም። በታንዛንያ የኮንዶአ ሰዎች ግሪሳን በወጥመድ በብዛት እያጠመዱ ይመገባሉ፤ ይህ መንገድ ከመርዙ የሚሻልበት ጊዜ መኖሩን መካድ አይቻልም።

አውሮፕላኑ ግን ማደሪያው ካልታወቀ ለምንም አይበጅም። ማደሪያዋ የእሾህ ግራር ጫካ፣ የሸንኮራ ማሳ፣ ወይም ከከሚሴ አጠገብ እንዳለው እንደ ጨፋ ያለ ደንገልና ፊላ የበዛበት ረግረግ ሊሆን ይችላል። ማሳውን የሚጠብቀው ሰው ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ መንጋው በየት አቅጣጫ እንደሚበር ሁለት ሦስት ቀን አስተውሎ፣ የዛፉንና የውኃውን ስፍራ በስም ለይቶ ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ማስታወቅ ይኖርበታል። የግብርና ሠራተኛው ለወረዳው፣ ወረዳውም ለዞንና ለክልል እስኪያስተላልፍ ቀናት ስለሚያልፉ፣ ማስታወቂያው መድረስ ያለበት መንጋው ማሽላው ላይ ካረፈ በኋላ ሳይሆን ገና በሜዳው ሣር ላይ ሲታይ፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው።