የሰላ ድንጋይ ባህር ዛፍ፤ ከአጣና ወደ ፓሌት

ሰላ ድንጋይ ደጋ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ መቀመጫቸው ያደረጓት ይህች ጥንታዊ ከተማ፣ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ ሆና ታገለግላለች። በዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ በግ ይረባል። ማሳው በሚያልቅበት ዳርቻ፣ በገደሉ አፋፍና በየጓሮው ደግሞ ባህር ዛፍ ቆሟል። ለደጋው አርሶ አደር ባህር ዛፍ የቁጠባ ደብተር ማለት ነው። የልጅ ሠርግ ሲደርስ፣ የማዳበሪያ ገንዘብ ሲፈለግ ወይም ቤተሰብ ሲታመም ይቆረጣል።

ችግሩ ያለው ደብተሩ በሚመነዘርበት ዋጋ ላይ ነው። ዛፉ ብዙውን ጊዜ በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከዚያ አጣና፣ ማገር ወይም ማገዶ ሆኖ ይሄዳል። መሰንጠቅ፣ ማድረቅና መገጣጠም የሚጨምሩት ዋጋ ዛፉን ላሳደገው ሰው አይደርሰውም። ከሰላ ድንጋይ በስተደቡብ ደብረ ብርሃን ላይ ግን በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ ነባሩ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። የእነዚህን መሰል ፋብሪካዎች መጋዘን ያየ ሰው ካርቶኑም ሆነ ጆንያው መሬት ላይ እንደማይቀመጥ ያውቃል። የሚቀመጠው በፓሌት ላይ ነው።

ፓሌት የሚለው ቃል እንግዳ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለአርሶ አደሩ አዲስ አይደለም። እህል ከመሬት እርጥበት እንዲርቅ ከጆንያው ሥር የሚነጠፈው ርብራብ የዚህ ዕቃ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ፓሌት በሥሩ የፎርክሊፍት ሹካ የሚገባበት ክፍተት ያለው፣ ልኩ የታወቀና ከነጭነቱ ብድግ ተደርጎ የሚጓዝ ርብራብ መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ፎርክሊፍትና ፓሌት ተያይዘው የዓለምን የጭነት ሥራ ቀይረውታል። አውስትራሊያ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ትቶት የሄደው የጭነት መሣሪያና የፓሌት ክምችት፣ በኋላ በዓለም ትልቅ ለሆነው የፓሌት አከራይ ድርጅት መነሻ ሆኗል።

የሚቆጥበውን ጉልበት በቁጥር ማየት ይቻላል። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ 50 ኪሎ የሚይዙ 800 ከረጢቶችን ተሸክሟል። ጫኝና አውራጅ እያንዳንዱን ከረጢት አንድ ጊዜ ይጭናል፣ አንድ ጊዜ ያወርዳል፤ ድምሩ 1 ሺህ 600 ሸክም ነው። 20 ከረጢት፣ ማለትም 1 ቶን፣ በአንድ ፓሌት ላይ ሲደረደር ያው ጭነት 40 ማንሳትና 40 ማውረድ ይሆናል። የከረጢት መቀደድና የእህል መፍሰስም አብሮ ይቀንሳል። ይህ ለወጣት ጫኞች ሥራ ያሳጣል የሚል ስጋት መነሳቱ አይቀርም፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ የፓሌት ሥራው ራሱ እዚያው ወረዳ ውስጥ መቅረቱ ትርጉም አለው።

ለመሆኑ ርካሽ ፓሌት ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ርካሽ ማለት ያገኙትን ቁርጥራጭ መምታት የሚመስላቸው አሉ። የፓሌት ወጪ አብዛኛው እንጨት በመሆኑ ቁጠባው የሚገኘው ከንድፉ ነው። በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ፓሌቱ ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለው ነው። ከቢራ ፋብሪካ ወጥቶ ወደዚያው የሚመለስ ፓሌት ጠንካራ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ እንጨት መቆጠብ ውሎ አድሮ ያስወድዳል። በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ጅቡቲ ወርዶ ባህር የሚሻገር ፓሌት ግን አይመለስም። ባዶውን ማስመለስ ከፓሌቱ ዋጋ በላይ ይፈጃል። ለአንድ ጉዞ የሚሠራ ቀላል ፓሌት የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

1 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነውን በብዙ አገር የተለመደ ልክ እንውሰድ። ደንበኛው ፓሌት ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 7 ጣውላዎች፣ መሃል ላይ 5 በ10 የሆኑ 3 ሞራሌዎች፣ ከታች ደግሞ እንደ ላይኛው ያሉ 3 ጣውላዎች ቢኖሩት 0.038 ሜትር ኩብ እንጨት ይወስዳል። ለአንድ ጉዞ የሚሆነው የላይና የታች ጣውላው ወደ 1.6 ሴንቲ ሜትር ቀጥኖ ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞራሌው 4 በ10 ቢሆን፣ የታቹ ጣውላም 2 ብቻ ቢሆን 0.027 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። ከአራት እጅ አንድ እጅ በላይ እንጨት ተረፈ ማለት ነው። የፓሌቱ ክብደትም ከ28 ወደ 20 ኪሎ ገደማ ይወርዳል፤ አንድ ሰው ሳይቸገር ያነሳዋል።

ከዚህ በላይ ማቅጠን ግን አደጋ አለው። ጣውላ ሲቀጥን ጥንካሬው የሚቀንሰው በቀጠነው ልክ ብቻ አይደለም። ከ2 ሴንቲ ሜትር ወደ 1.6 የወረደ ጣውላ ከውፍረቱ ያጣው አንድ አምስተኛ ቢሆንም፣ ላለመጉበጥ ያለው አቅም ግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ላለመሰበር ያለው አቅም ደግሞ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል። ውፍረቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ላለመጉበጥ የሚኖረው አቅም ከመጀመሪያው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨት መቆጠብ ያለበት በቅድሚያ ከታች ጣውላ ቁጥርና ከስፋት፣ ቀጥሎም በጥንቃቄ ከውፍረት ነው። የሞራሌው 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አይነካም። የእጅ መግፊያው ጋሪ ሹካ ወርዶ እንኳ 8.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ክፍተቱ ካነሰ አይገባም። ሹካ የማያስገባ ፓሌት ደግሞ የቱንም ያህል ቢረክስ ተራ ርብራብ ነው።

የጣውላዎቹም ርቀት እንደ ጭነቱ ይለያያል። ካርቶን ሰፋ ባለ ክፍተት ላይ ይቆማል። ጆንያ ግን በክፍተቱ መሃል ይዘረጠጣል፤ ሹካው ሲገባም ይቀደዳል። ለእህልና ለማዳበሪያ የሚሆን ፓሌት ላይ በጣውላዎች መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት መተው አይመከርም።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። ባህር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው በፍጥነት በማደጉ ነው። በፓሌት ሥራ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ዛፉ ሲያድግ በውስጡ የሚጠራቀመው ውጥረት ግንዱ ሲቆረጥ ይፈታና ጫፉን ይሰነጥቀዋል። በፀሐይ ላይ የተተወ ጣውላ ይጣመማል። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ግንዱን ቆርጦ ለሳምንታት አለማስተኛት፣ ቶሎ መሰንጠቅ፣ የግንዱን መሃል ልብ ከጣውላው ማስወጣት፣ ጣውላውን በጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ መደርደርና ከላይ ክብደት መጫን ነው። የደጋው የበጋ ነፋስ ቀሪውን ይሠራል።

ምስማሩም የራሱ ጣጣ አለው። የደረቀ ባህር ዛፍ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ እርጥቡ ግን በቀላሉ ይቀበላል። ይሁንና በእርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ለስላሳ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ ገላው የተጠማዘዘ ወይም ቀለበት ያለው ምስማር መጠቀም፣ ሁለቱን ምስማሮች በአንድ የእንጨት መስመር ላይ ሳይሆን በሰያፍ መምታት ያስፈልጋል። ከላይ የተገለጸው ቀላል ፓሌት በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት ቢመታ 54 ምስማር ይፈልጋል። ምስማር ላይ የሚሰስት እንጨት ቤት በፓሌቱ ላይ የሚሆነውን ለማየት ባዶውን ፓሌት ከሜትር ከፍታ በማዕዘኑ ቢጥለው በቂ ነው። የተንጋደደው ፓሌት ለገበያ አይሆንም። ጥንካሬውን ለመሞከር ደግሞ ሹካው በሚገባበት ቦታ በሁለት እንጨቶች ላይ አስቀምጦ 20 ከረጢት መጫን፣ አሳድሮም መሃሉ ምን ያህል እንደረገበ በሲባጎ መለካት ይቻላል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ለአርሶ አደሩ ደስ የሚያሰኘው ነገር ፓሌት አጭር እንጨት መፈለጉ ነው። ለቤት ክዳን የማይሆን ቆልማማ ግንድ በ1 ሜትርና በ1.2 ሜትር ሲቆረጥ ቀጥ ያለ ክፍል ይገኝለታል። የ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና የ2.4 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ 0.075 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በመሰንጠቅ ግማሹ ብቻ ጣውላ ሆኖ ቢወጣ እንኳ አንድ ቀላል ፓሌት ተሠርቶበት ይተርፋል። ልጣጩና ሰጋቱራው ማገዶ ይሆናል።

ነገር ግን 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ግንድ በአጣና አተካከል አይገኝም። ብዙ አርሶ አደር ባህር ዛፍን አጠጋግቶ ይተክላል፤ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውንም ሁሉ እንዳለ ይተወዋል። ውጤቱ ብዙና ቀጭን እንጨት ነው። ለጣውላ የሚታሰብ ከሆነ በየጉቶው ላይ ጠንካራና ቀጥ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ቡቃያ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማሳሳት ያስፈልጋል። የተሳሳው በአጣናነት ተሸጦ የዓመቱን ወጪ ይሸፍናል፤ የቀረው ይወፍራል። ለዚህ ትዕግሥት ያሻል። ዛሬ የተቸገረ አባወራ ለሌላ ስድስት ሰባት ዓመት ጠብቅ ቢባል አይሰማም፤ አይፈረድበትምም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ምክር ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው። ሁሉንም ዛፍ ለጣውላ አቆዩ ማለት ሳይሆን፣ ከማሳው ዳር ካለው የተወሰነውን መስመር ለይቶ እንዲያሳሱ ማገዝ የተሻለ ይመስላል።

ገበያውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የአገር ውስጥ ነው። የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በየዓመቱ ይቀበላሉ። ከረጢቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲደረደር የታችኛው ረድፍ እርጥበት ስቦ ይጋገራል። እዚህ መጋዘን ፎርክሊፍት የለም ብሎ ፓሌቱን እንደ ነገሩ መሥራት አይገባም። ልኩን የጠበቀ ፓሌት ዛሬ በሰው እጅ ይደረደርበታል፤ ነገ የእጅ ጋሪ ሲመጣ ያው ያገለግላል፤ ከነጭነቱ ደብረ ብርሃን ቢደርስም ፎርክሊፍቱ ያነሳዋል። ለዚህ ገበያ ማኅተምም ሆነ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም።

ሁለተኛው የውጭ ገበያ ነው፤ እዚህ ላይ ደንቡ ጥብቅ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የተገኘውና ከእስያ በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ውስጥ የገባው ጥንዚዛ ብዙ ዛፍ ካስቆረጠ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት በ2002 እ.ኤ.አ. አይ ኤስ ፒ ኤም 15 የተባለውን ደረጃ አወጣ። በዚህ መሠረት ድንበር የሚሻገር የእንጨት ማሸጊያ ልጣጩ መነሳት፣ የእንጨቱ መሃል 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት፣ የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለበት ማኅተምም ሊመታበት ይገባል። ማኅተም የሌለው ፓሌት ላይ የተጫነ ዕቃ፣ ዕቃው ምንም ጥራት ቢኖረው፣ በተቀባይ አገር ወደብ ሊታገድ ወይም ሊመለስ ይችላል። ማኅተሙን ማንም እንጨት ቤት በራሱ ቀርጾ ሊመታ አይችልም፤ የዕፅዋት ኳራንቲን ሥራ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው።

የማሞቂያ ክፍል በየወረዳው መገንባት አዋጭ አይሆንም። ሰላ ድንጋይ፣ አንኮበርና ሌሎቹ የደጋ ወረዳዎች ጣውላውን ሰንጥቀውና ገጣጥመው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የጋራ ማሞቂያ ቢኖር ለሁሉም ይበቃል። ማሞቂያው የሚነደውም በራሱ በሰጋቱራውና በቁርጥራጩ ነው። ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ተጨምቆ የተሠራ ፓሌትም በዓለም ገበያ አለ፤ ከሙቀት ሕክምናውም ነፃ ናቸው። ሆኖም ፋብሪካና ከውጭ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋሉ። ቀርከሃ ያለው አዊን የመሰለ አካባቢ የራሱን ሊሞክር ይችላል፤ የሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው ግን ባህር ዛፍ ነው።

የወረዳው ኃላፊዎች ሥራውን ለማስጀመር ቢያስቡ፣ ወጣቶችን አደራጅቶ መጋዝ ከመግዛታቸው በፊት ገዥውን ማነጋገር ይቀድማል። በየትኛው ልክ፣ ምን ያህል ጭነት፣ በወር ስንት የሚለው በጽሑፍ ሳይያዝ የተሠራ ፓሌት እንጨት ቤቱ ደጅ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ዩኒየኖች ለመጋዘኖቻቸው የሚፈልጉትን ብዛት ቢያስታውቁ ለመጀመሪያው ዙር በቂ መነሻ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ለአንድ ጉዞ የሚባል ፓሌት በእኛ አገር አንድ ጉዞ ብቻ ሄዶ አያውቅም። ፋብሪካ የጣለው ፓሌት በር፣ አልጋ፣ የዶሮ ቤት ይሆናል፤ በመጨረሻም ምድጃ ይገባል። ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን ማኅተሙን ማየት ያስፈልጋል። ኤች ቲ የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው። ኤም ቢ የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ለምግብ ማብሰያ ማገዶነትም ሆነ ለእህል መደርደሪያነት ባይውል ይመረጣል።