«ፒኤችዲ ከሌለህ ዩኒቨርሲቲ አይቀጥርህም» ያላችሁ ማነው?

ዛሬ የምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ላብ ለሚቀጥረው ቴክኒሻን የመጡትን ማመልከቻዎች ሳገላብጥ የአንድ ሐበሻ ሬዝሜ አገኘሁ። አገር ቤት ድንጋይ እየቆረጠ ቲን ሴክሽን ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ደብዳቤው ግን ከዳር እስከ ዳር ስለ ማስተማር ፍላጎቱ! የምንፈልገው ሙያ ሬዝሜው መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ተወሽቋል። ዳውንታውን ዴንቨር ኡበር የሚነዱ ጂኦሎጂስቶችም «ሌክቸረር ካልሆንኩ ዩኒቨርሲቲ ምን እሠራለሁ?» ይሉኛል። ይህን ወሬ ቲክቶክ ላይ የሚነዛው ሰው ላብ ገብቶ ያውቃል?

1. ቲን ሴክሽን 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ የሳሳ ድንጋይ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ኳርትዙ ቢጫ ካሳየ ገና ወፍራም ነው፤ ግራጫ ሲሆን ታቆማለህ። ትንሽ ካለፍክ ናሙናው የለም። ይህን ፕሮፌሰሩ አይሠራውም፤ እጁ የለመደ ሰው ነው የሚሠራው፣ ያውም በደመወዝና በኢንሹራንስ።

2. ጎልደን ያለው የኮሎራዶ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ2013 ጀምሮ በኮሎራዶ ስኩል ኦፍ ማይንስ ሥር ነው። የመሬት መንሸራተት የሚያጠኑት፣ ካርታ የሚሠሩት የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ናቸው። አገር ቤትስ? ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ራሳቸውን ይጠግናሉ እንዴ?

3. ጣጣው የሥራው ስም ላይ ነው። «ጂኦሎጂስት» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም። «ሪሰርች አሶሼት»፣ «ላብ ማናጀር»፣ «ኮሌክሽንስ ማናጀር»፣ «ጂአይኤስ አናሊስት» ብለው ነው የሚቀብሩት። የእኔ ማዕረግ ራሱ ሦስቴ ተቀይሯል፤ ሥራዬም ደመወዜም ንቅንቅ አላሉም! ማመልከቻውን የሚያጣራው ደግሞ ግራናይት ሲሉት የኩሽና ጠረጴዛ የሚታየው የኤች አር ሰው ነው። ማስታወቂያው «ናሙና ማዘጋጀት» ካለና አንተ «ቲን ሴክሽን» ብቻ ከጻፍክ፣ መስፈርቱ ሳጥን ላይ ምልክት አያደርግልህም። ቃላቸውን እንዳለ ገልብጥ። ነውር የለውም። እኔም መጀመሪያ ኮርቼ እምቢ ብዬ ስንት ወር ተቀጣሁ።

ደግሞ የቪዛውን ነገር፦ የመንግሥትም ሆነ ለትርፍ ያልቆመ ዩኒቨርሲቲ በኤች ዋን ቢ የ85 ሺህ ዓመታዊ ኮታ አይያዝም፤ ሎተሪ የለበትም። የቪዛው ክፍያ ግን ስለሚለዋወጥ ጠበቃ ጠይቁ።

ኧረ ግራንቱን ረስቼው! ብዙው ቦታ በግራንት ብር ነው የሚቆመው። ኢንተርቪው ላይ «ብሩ እስከ መቼ ነው?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

የዚያን ቲን ሴክሽን ሠሪ ፋይል «ይለፍ» ብዬ ነበር። ኤች አር «መስፈርት አላሟላም» ብሎ መለሰው። ነገ ጠዋት ቢሯቸው ሄጄ ያቺን የመጨረሻ መስመር በጣቴ አሳያቸዋለሁ።